የጾም ማስክ

«በሽታው የእኛ አይደለም፤ የሁዳዴ ነው» ትላለች ሉሊት በስልክ። ገረመው የሐኪም ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ይዞ ከቢሮዋ ደጃፍ ቆሞ ይሰማል። በሩ ኤምዲኤፍ የሚሉት የፋብሪካ ጣውላ ነው፤ ራሱ ገረመው የቆረጠው፣ ራሱ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰው፣ እንኳን የሰው ድምፅ የወረቀት መገለጥ የሚያሳልፍ ስስ በር። «ወተት ቀርቦለታል፤ አልጠጣም። ምን እናድርግ ታዲያ? አፉን ፈልቅቀን እንጋተው እንዴ?» አለች። ጥቂት አዳመጠችና «እሺ ጋሽ ኃይለኪሮስ፤ እነግረዋለሁ» ብላ ዘጋች። በዚህ መሀል የገረመው ሳል መጣ። ቢስል ጆሮ ሲጥል እንደነበር ሊታወቅበት ነው። ስለዚህ ጉንጩን ነፍቶ ሳሉን አፉ ውስጥ እንደያዘ የኋሊት ሄዶ ግቢው መሀል ሲደርስ ለቀቀው፤ እንባውን ጠርጎ፣ ገና አሁን እንደመጣ ሰው ጫማውን እያራገፈ ተመለሰና በሩን አንኳኳ።

ሉሊት የሚስቱ የተናኜ የእህት ልጅ ናት፤ የእንጨት ሥራ ድርጅቱ የሰው ኃይል ኃላፊ። ቤት ስትመጣ «አንተ» ትለዋለች፤ ከፊቱ ላይ ቁራሽ ትነጥቀዋለች። ቢሮ ውስጥ ግን «እርስዎ» ነው፤ አንቱታው በመጣ ቀን ደግሞ መልካም ነገር ተከትሎት አያውቅም። «ይቀመጡ ጋሼ» አለችው። ወንበሩ ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ የገረመው ሱሪ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ከተረሳ ቆይቷል፤ ስለዚህ ቆመ። ከገርጂ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ ባለው በዚህ ግቢ ውስጥ አቧራ የማይገባበት ክፍል ይህ ቢሮ ብቻ ነው። መስኮቱ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል፣ ከበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ይወተፋል፣ ጥግ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ፍሪጅ ቆሞ ያጉረመርማል። ፍሪጁ እስከ አፉ በግማሽ ሊትር የላስቲክ ወተት ተሞልቷል።

ሉሊት ወረቀቱን ዘርግታ አነበበች። ትናንት የጤና ጣቢያው ወጣት ሐኪም ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ሳንባው ላይ ያለውን ጠባሳ ለገረመው አሳይቶት ነበር። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረው ግን የእንጨት ብናኝ ካልገባበት ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል ብሎታል። ከገባበት ግን ሦስት አራት ዓመት፤ ከዚያ ደረጃ መውጣት የለም፤ ቀጥሎ ደግሞ መንገድ መሄድም የለም። ገረመው አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ሌላ ሙያ የለውም፤ ሌላ ቦታ ቢቀጠርም የሚቀጥረው ያው የእንጨት ቤት ነው። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማጣሪያ ያለው ማስክ።

ራሱ ገዝቶ አያደርግም ወይ የሚል ይኖራል። አድርጎ ነበር። በመስከረም ከደመወዙ ላይ ሁለት ሺህ ብር ቆርጦ ገዛና አሥራ አንድ ቀን አደረገው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንዲት የቦሌ ደንበኛ የኩሽና ቁም ሳጥኗ የት እንደደረሰ ልታይ መጣችና ጭንብል ያጠለቀ ሰው እላዩ ላይ አጎንብሶ አየች። «ይሄ ነገር መርዝ አለው እንዴ? ልጆቼ ብርጭቆ የሚያወጡት ከዚህ ውስጥ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ትእዛዟንም ሰረዘች። በማግስቱ ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ማስክ ማድረግ ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። የገረመው ማስክም ተወስዶ የት እንደገባ አልታወቀም።

የድርጅቱ መከላከያ ወተት ነው። ወተት አቧራ ያጥባል ያለው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ግን በከተማው ውስጥ ቀለም የሚቀባ፣ ሲሚንቶ የሚያራግፍ፣ እንጨት የሚሰነጥቅ ሁሉ ይህን ነገር ያምናል፤ አሠሪም ደስ ብሎት ያምናል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን ግማሽ ሊትር፣ በፊርማ። ችግሩ ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተያይዘው መምጣታቸው ነው። ከአሥራ አራቱ ሠራተኞች አሥራ ሦስቱ ጾመኞች ናቸው። የቀረው አንድ ሰው አቢ ነው፤ ፕሮቴስታንት ነው፤ እሱም ወተት ሲበላሽ ማየት ስለማይሆንለት የአምስት ሰው ድርሻ ብቻውን ይጠጣል። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ወፍሮ ሁለት ጊዜ ሱሪ ቀይሯል። ሳሉ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው።

«መመሪያው ግልጽ ነው ጋሼ» አለች ሉሊት ፋይል ገልጣ። «አንቀጽ ዘጠኝ። ስድስት ወር ሳያቋርጥ ወተት ጠጥቶ ለውጥ ያላሳየ ሠራተኛ ማጣሪያ ያለው ማስክ ይሰጠዋል።»

«ሳያቋርጥ?»

«ሳያቋርጥ።»

ገረመው በልቡ ወራቱን ቆጠረ። ሁዳዴ፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፤ እነሱ እንኳ ቢቀሩ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ አሉ። ኦርቶዶክስ ሆኖ ስድስት ወር ወተት ሳያቋርጥ የጠጣ ሰው በአገሩ ላይ ኖሮ አያውቅም። ሉሊትም ይህን ታውቃለች፤ ሁለቱም አንድ ቤት ነው የሚገድፉት። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ደመወዝ የምትበላበት ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ ናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እሱን ሳይሆን ፍሪጁን እያየች፣ «የንስሐ አባትዎ ያለፈውን ስድስት ወር ከጾም ፈትቼዋለሁ ብለው ይጻፉልኝ። ፊርማውን እኔ ወደ ኋላ አስተካክላለሁ። ከዚያ ማስኩ ይወጣል» አለችው። ከዚያ «አክስቴ ደኅና ናት?» ብላ ጠየቀች። ደኅና ናት አላት። እሷ ፋይሏን ዘጋች፣ እሱ ወረቀቱን መልሶ አጠፈ።

የገረመው የንስሐ አባት መምሬ ወልደጻድቅ በዕድሜ ምክንያት ከቅዳሴ ተገላግለው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥላ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ላይ የሚውሉ ሰው ናቸው። አንድ ጠባይ አላቸው፤ ያላዩትን ነገር አይፈርዱም። አንድ ጊዜ አንዲት የንስሐ ልጃቸው የጾም ኬክ የሚባለው ይበላል ወይ ብላ ብትጠይቃቸው፣ ገርጂ መብራት ኃይል ያለው ኬክ ቤት ድረስ ሄደው፣ ወጥ ቤት ገብተው፣ ዱቄቱን በጣታቸው ቀምሰው፣ ከጋጋሪው ጋር እስከ ምሳ ሰዓት ተከራክረው የመጡ ናቸው። ገረመው መስቀል ተሳልሞ ነገሩን ሁሉ ነገራቸው። አላቋረጡትም። ሲጨርስ አገጫቸውን ያዙ።

«ካልሠራኸው ኃጢአት እንዴት አድርጌ ልፍታህ?» አሉ። «ብትጠጣ ኖሮ እፈታህ ነበር። አልጠጣህም። ጾመሃል። በመጾምህ ላዝንልህ ነው?»

«ወረቀት ብቻ ነው አባ።»

«ወረቀቱ ውሸት ነዋ! ለወደፊቱ ከሆነ ቀላል ነው፤ የታመመ ሰው ይጠጣል፤ እኔም እፈቅዳለሁ። ግን ወተቱ ያድናል?»

ገረመው ስለ አቢ ነገራቸው፤ አምስት ላስቲክ በቀን፣ ሁለት ሱሪ፣ ያ ሁሉ ሳል። መምሬ ወልደጻድቅ ምርኩዛቸውን አነሡ። «እንግዲያው ወተቱን ተወው፤ የምትውጡትን ነገር አሳየኝ» አሉና ባጃጅ አስቆሙ። ባለ ባጃጁ ሰማንያ ብር ሲላቸው ሃምሳ ብለው ተሳፈሩ፤ ሲደርሱ ግን መልሱን ሳይቀበሉ መቶ ሰጥተውት ወረዱ፤ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበርና።

ማለስለሻው ክፍል መስኮት አለው፤ ግን ንፋስ ሰጋቱራውን ወደ ጎረቤት እየወሰደ ወቀሳ ስላመጣ በላሜራ ተደፍኗል። ሁለት አምፖል ቀን ከሌት ይበራል፤ ብርሃናቸው የሽምብራ ዱቄት በተበተነበት አየር ውስጥ ያለ ይመስላል። መጋዙ ላይ ሀይደር አለ፤ የስልጤ ሰው ነው፤ ከገረመው ጋር ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በማሽኑ ጩኸት ምክንያት የሚነጋገሩት ግን በእጅ ነው። ማለስለሻው ላይ አቢ ነበር። መምሬ ወልደጻድቅ ካባቸውን ሰብስበው መሀል ላይ ቆሙ። ገረመው በቃ እንውጣ አባ ቢላቸው እጃቸውን አወዛወዙ። አሥር ደቂቃ ቆሙ። ሲወጡ ጥቁሩ ካባ ቡናማ፣ ነጩ ጥምጥም ቢጫ፣ ጺማቸው የምን እንደሆነ የማይታወቅ ቀለም ሆኖ ነበር። አክታቸውን መሐረባቸው ላይ ተፉና ወደ ፀሐይ አቅርበው ተመለከቱት።

«ሥራ የምትጀምሩት ስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

«ሁለት ሰዓት።»

«ከሁለት ጀምሮ ይህን ስትውጡ ቆይታችሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾምን ፈታን ብላችሁ ትበላላችሁ ማለት ነው። ልጄ፣ እኔ አሁን አሥር ደቂቃ ቆሜ ቁርስ በልቼ ነው የወጣሁት።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወደ ውስጥ ጠየቁ፦ «ዱቄቱ ውስጥ ከእንጨት ሌላ ምን አለ?»

ሀይደር ማሽኑን አጥፍቶ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ችፑድና ኤምዲኤፍ በኮላ የተጣበቀ የእንጨት ብናኝ እንደሆነ አስረዳቸው። ኮላው ከምን ይሠራል አሉ። ሀይደር ጭንቅላቱን አከከ። አባቱ አናጢ ነበር፤ በአባቱ ጊዜ ኮላ ከቆዳና ከአጥንት ተፈልቶ ነበር የሚሠራው፤ የዘንድሮውን አያውቅም። «ከየትኛው እንስሳ?» አሉ መምሬ። «ያኔ ከከብት ነበር» አለ ሀይደር። «ይሄ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው።» ይህን ካለ በኋላ የራሱን ቃል የሰማው ይመስል ዓይኑ ፈጠጠ። ከውጭ ከሆነ የምን አጥንት እንደሆነ ማን ያውቃል? ኦርቶዶክሶቹ ሥጋ ሲውጡ እንደከረሙ አሰቡ፤ ሙስሊሞቹ ያሰቡት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር። አንዱ ግንብ ሥር ሄዶ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከተተ። በአንድ አፍታ አሥራ ሦስት ሰው ከክፍሉ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ቆመ። ሳንባቸው ስንት ዓመት ሲለምናቸው አልወጡም ነበር።

የድርጅቱ ባለቤት አቶ ኃይለኪሮስ ከወሎ ሰፈር ሾውሩማቸው በሃያ ደቂቃ ደረሱ። በነገው ቀን ለቦሌ ቪላ የሚደርስ ኩሽና አለ። እሳቸው መኪናቸውን በሩ ላይ አቁመው አልወረዱም፤ አቧራ አይስማማቸውም፤ ድርጅቱ ከተከፈተ ጀምሮ ከጥበቃው ቤት አልፈው ገብተው አያውቁም። መስታወቱን እንደዘጉ ስልክ ደወሉ። ሉሊት ከመስታወቱ ማዶ፣ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆማ ስልኩን አነሣች። የሁለቱም ከንፈር ይታያል፤ ድምፁ ግን በሳተላይት ዞሮ ነው የሚመጣው። «ምን ሆነናል ነው የሚሉት?» «ኮላው እንስሳ አለው ብለው ነው ጋሽ ኃይለኪሮስ።» «ቆይ፣ አስመጪውን ልጠይቀው።» መኪናው ውስጥ ሌላ ስልክ አነሡ፤ አወሩ፤ ሣቁ፤ ፊታቸው በራ። ከዚያ ለሉሊት ነገሯትና ሉሊት ለሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው።

«እንስሳ የሚባል የለበትም!» አለ ስልኩ። «ፎርማሊን ነው! ንጹሕ ኬሚካል! አስከሬን እንዳይበሰብስ የሚደረግበት መድኃኒት አለ አይደል? እሱ ነው። ጠብታ ቅባት የለውም!»

«ተመስገን» አሉ ኦርቶዶክሶቹ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሀይደር፤ ላቡንም ጠረገ።

ሰዎቹ እውነት ለመናገር ወደ ማሽናቸው መመለስ ጀምረው ነበር። አንዱ ሌላውን በትከሻው እየነካ ይስቃል፤ የተሰረየላቸው ይመስሉ ነበር። ገረመው ብቻውን ግቢው መሀል ቀረ። አስከሬን የሚለው ቃል ከሁሉም ጆሮ ወጥቶ እሱ ጆሮ ውስጥ የቀረ መሰለው። ተናደደም፤ በማን እንደሚናደድ ግን አላወቀም። ያስቆሟቸው መምሬ ወልደጻድቅ ናቸው። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱና «የጾም ነው ተባለ እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መብላት ይፈቀዳል አልተባለም! ሽምብራም የጾም ነው፤ በአራት ሰዓት ሽምብራ የሚቆረጥም ጾመ ይባላል?» አሉ። ሰዉ ቆመ። ሀይደርም ሳይፈልጉ የሚገባ አቧራ ጾም እንደማያፈርስ እንደሚያውቅ፣ ግን እየታወቀ ዝም ብሎ ሲዋጥ እንዴት እንደሆነ ሼኩን ሳይጠይቅ እንደማይገባ ተናገረ። አሥራ ሦስቱም በአንድ ቃል ቆሙ። ለደመወዝ ጭማሪ እንኳ እንዲህ ቆመው አያውቁም።

መኪናው ውስጥ ያሉት ሰውዬ ሰዓታቸውን አዩ። ኩሽናው ነገ ነው። «አፋቸው ላይ የሚደረግ ነገር ይገዛላቸው» አሉ በስልክ። «ደንበኛ ከመጣና ከጠየቀ፣ ጾመኞች ናቸው በሉ። ደስ ይለዋል እንጂ አይደነግጥም።» ሾፌሩ ሾላ ገበያ ድረስ በሮ፣ አሥራ ሦስት ማጣሪያ ያለው ማስክ በብዛት ስለሆነ በሺህ ሰባት መቶ ብር ሂሳብ ገዝቶ፣ በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ተመለሰ። መምሬ ወልደጻድቅ ካባቸውን በጥበቃው እጅ አስራግፈው፣ ባርከው ሄዱ። ሉሊት ማስኩን ስታድል ስም እየጠራች አስፈረመች። አቢ እጁን ዘርግቶ «እኔስ?» ሲላት፣ «አንተ ጾመኛ ነህ እንዴ?» ብላ ወተት ሰጠችው።

ገረመው ማስኩን አጥልቆ ወደ ማለስለሻው ገባ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ሲገባ ደነገጠ፤ ምንም ጣዕም አልነበረውም። ለካ አየር ጣዕም የለውም። ሁለተኛውን ሳበ፣ ሦስተኛውን ሳበ፤ ደረቱ ውስጥ የተኛው ነገር እንደ ድመት ተጠቅልሎ ዝም አለ። ኤምዲኤፉን እየገፋ አለቀሰ። ማንም አላየውም፤ ማስኩ ይህም ጥቅም ነበረው። ሀይደር ከመጋዙ ላይ ቀና ብሎ አውራ ጣቱን አሳየው፤ እሱም መለሰለት። ሁለት ሰዓት ያህል ሲሠራ አንድ ጊዜ ብቻ ሳለ፤ እሱንም ልማድ ሆኖበት ነው።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሉሊት ባዶ ካርቶን ይዛ መጣች። ማሽኖቹ ቆሙ። «ኦርቶዶክሶች ማስክ መልሱ» አለች። ሰዉ ቀልድ መሰለው። ቀልድ አልነበረም፤ አዲስ ማስታወቂያ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ማስክ የሚሰጠው ለጾም ብቻ ነው፤ ኦርቶዶክሶች እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሙስሊሞች እስከ መውጫ ሰዓት፤ ጾም በሌለበት ቀንና ሰዓት የተለመደው ወተት ይቀጥላል፤ ፋሲካ ሲሆን ማስክ ሙሉ በሙሉ ገቢ ይደረጋል። ሀይደር ማስኩ አፉ ላይ እንዳለ፣ በዓይኑ ብቻ፣ በተራ ገረመውንና ማስታወቂያውን አየ።

«ሉሊት» አለ ገረመው። ቢሮ አልነበሩም፤ ግን የሰው ፊት ነበር። «ሳንባዬ ከዘጠኝ በኋላም ያው ሳንባ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን የተፈቀደው በጾም ስም ነው። እርስዎ ደግሞ አሁን መብላት ተፈቅዶልዎታል።»

«አልበላሁም። አልበላም። እስከ ማታ ነው የምጾመው።»

ሉሊት ካርቶኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ለጥቂት ጊዜ የተናኜን ዓይን ያየባት መሰለው፤ ያው ጥቁር፣ ያው ቶሎ የሚረጥብ ዓይን። «እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾም የሚወስነው የንስሐ አባት ነው» አለች በቀስታ። «ወረቀት ካመጡልኝ አስገባዋለሁ። እውነተኛ ወረቀት ከሆነ ማንም አይነካውም ጋሼ።» ገረመው ማስኩን አውልቆ ካርቶኑ ውስጥ ጣለው። የውስጡ ላብ ገና ይሞቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ተኩል ከስድስቱ ዓመት ሁሉ ረዘመበት። ሀይደር ዓሱር ሊሰግድ ሲወጣ የራሱን ማስክ አውልቆ ያለ ምንም ቃል የገረመው አንገት ላይ አንጠለጠለለት፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል በሌላ ሰው ጾም ተነፈሰ። የተቀረውን በሸሚዙ እጅጌ ነው የገፋው። አቢ በወተት የጠገበ ሆዱን ይዞ ይስላል፤ ገረመው ይመልስለታል። አሥራ አንድ ተኩል ሲል ፊቱን ሳይታጠብ ወጣና መንገድ ላይ ለተናኜ ደወለ።

«በላህ?» አለችው።

«አልበላሁም። ከዛሬ ጀምሮ ማታ ነው የምበላው።»

«ለምን?»

«ለመተንፈስ።»

ከኋላዋ የኮንዶሚኒየሙ ሕፃናት ኳስ ሲያንኳኩ ይሰማል። «ሉሊት ናት?» አለች ተናኜ። አይደለችም አላት። እውነቱን ነው፤ ሉሊት አልነበረችም። ማን እንደሆነ ግን ሊነግራት አልቻለም። «እስከ መቼ ነው?» አለችው። አባን ልጠይቃቸው ነው ብሎ ዘጋው።

መምሬ ወልደጻድቅ ቅጥሩ ሥር ቦታቸው ላይ ነበሩ። ታጥበው ልብስ ቀይረዋል፤ ጆሯቸው ውስጥ ግን ትንሽ ሰጋቱራ ቀርቷል። ገረመው ተንበረከከ።

«ይፍቱኝ አባቴ። ቀኖና ይስጡኝ።»

«ምን አደረግህ?»

«ምንም።»

ነገሩን ሁሉ ነገራቸው፤ ካርቶኑን፣ ማስታወቂያውን፣ የሉሊትን ቃል። ሰውዬው ፊታቸው ተለዋወጠ። መጀመሪያ ተቆጡ። «እኔ ቄስ ነኝ ልጄ! የፋብሪካ ተቆጣጣሪ አይደለሁም! ጾም ለነፍስ ነው የተሠራው!» አሉ፤ አጠገባቸው የነበሩ እርግቦች ተነሥተው በረሩ። ገረመው እንደተንበረከከ ቀረ። ይስል ጀመር። ሳሉ ረጅም ነበር። መምሬ ወልደጻድቅ እስኪያበቃ ጠበቁ፤ ሲያበቃ ቁጣቸው አብሮት አልቆ ነበር። ከካባቸው ኪስ እስክሪብቶና የሰበካ ጉባኤ ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጡ።

«ከሥራ የምትወጣው ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ አንድ ተኩል።»

«እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት» ብለው ጻፉ። እስክሪብቶው ቆመ። «ጡረታ የምትወጣውስ መቼ ነው?»

«አሥራ ሁለት ዓመት ይቀረኛል አባ።»

መምሬ ወልደጻድቅ በስልሳ ዓመት አገልግሎታቸው እንዲህ ያለ ቀኖና ለነፍሰ ገዳይ እንኳ ሰጥተው አያውቁም። ግን ጻፉት። አሥራ ሁለት ዓመት፣ በየዕለቱ፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት። ገረመው ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመው። ደስ ብሎት ነበር፤ በዚህ ዓመት እንዲህ ደስ ያለው ነገር የለም። ሊነሣ ሲል ሰውዬው እጅጌውን ያዙት።

«በበዓለ ሃምሳ ግን ምንም ላደርግልህ አልችልም» አሉ። «ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ መጾም ክልክል ነው። ረቡዕም ዓርብም የለም። እኔ ብፈቅድ ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድም።»

ገረመው ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ የሚናፍቀው ጊዜ ነበር። አሁን ግን እዚያው ቆሞ በጣቱ ቆጠረ፤ ከሃምሳው ስምንቱ እሑድ ነው፤ እሑድ ሥራ የለም። አርባ ሁለት ቀን ቀረ። በየዓመቱ አርባ ሁለት ቀን፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት። ከዚያ በላይ ማባዛቱን ተወው።

ሽማግሌው መሐረባቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ገረመው ካህን ሲያለቅስ አይቶ አያውቅምና ግራ ገባው፤ ወንበራቸው አጠገብ ቁጢጥ አለና እጃቸውን ያዘ።

«አይዞዎት አባ» አላቸው፤ «ፋሲካ ገና ሩቅ ነው።»